ምዕራፍ 7፦ ዘመድ ወይስ ጎረቤት?

ከአራዳ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲደርስ ከዐይኑ ይልቅ ጆሮው ሥራ ይበዛበታል። አንዱ ጋሪ እየገፋ በአማርኛ «ዞር በሉ!» ይላል። አጠገቡ ቆሞ ስልክ የሚያወራው ነጋዴ ቸሃ እየተናገረ ነው። ኬሻ ተሸክሞ የሚያልፈው ጎረምሳ ለጓደኛው በስልጥኛ ይመልሳል፤ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ሶማልኛው ከታክሲ ረዳቱ ጥሪ ጋር ይደባለቃል። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ባሉባት አገር ይህ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን እዚያው ቆሞ አንድ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። ከነዚህ ቋንቋዎች የትኛው የትኛውን ይወልዳል? የትኛውስ ከየትኛው ጋር ወንድማማች ነው? በጆሮ ብቻስ እንዴት ይታወቃል?

ድልድዩ ራሱ ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ ስም አለው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከጨቦ ምድር በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲቋቋም የጦር ሚኒስትር ሆነው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ከአገሪቱ ታላላቅ ባለሥልጣናት አንዱ ሆነው ቆዩ። ጨቦ የኦሮሞና የጉራጌ አገር የሚዋሰንበት ምድር ነው። ቋንቋዎች የሚገናኙበትን ቦታ በልጅነታቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ወራሪው ከተማውን በዘር ለመክፈል ሲያቅድ ዋናውን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዙሪያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ይህ ድልድይ በአሮጌው ገበያና በአዲሱ መካከል መሻገሪያ ሆኖ ኖረ።

በምዕራፍ 3 ፊደል ከየት እንደመጣ፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ ድምፅ በአፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አይተናል። የላንቃን ነገር አንባቢ እንዳይረሳ አደራ ብዬ ነበር፤ አሁን እንፈልገዋለን። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የቋንቋ ዝምድና ነው። ሊቃውንቱ የሚሠሩበት ዘዴ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ፍሬ ነገሩም አንድ ነው፦ ሁለት ቋንቋዎችን ዘመድ የሚያሰኛቸው መመሳሰላቸው ሳይሆን ልዩነታቸው ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው።

የተዋሱት ዕቃ

አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦችን አስቡ። ወንፊቱ፣ ሙቀጫው፣ ምጣዱ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይመላለሳል። ዓመታት ሲያልፉ የማን እንደነበር እንኳ የሚያስታውስ ይጠፋል። እንግዳ ሰው ሁለቱንም ቤት ገብቶ ዕቃውን ብቻ ቢያይ «እነዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ሊል ይችላል። የልጆቹን ፊት፣ አፍንጫ፣ አረማመድ ያየ ግን አይሳሳትም።

ቋንቋም እንዲሁ ይዋዋሳል፤ ገበያ ደግሞ የውሰት ዋና ቦታ ነው። መርካቶን በሙሉ ብትዞሩ ሱቅ የማይል ነጋዴ፣ ደላላ የማያውቅ ገዢ አታገኙም። ሱቅ፣ ደላላ፣ ቱጃር ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። የየመን ዐረቦች በአዲስ አበባ መንደሮች ችርቻሮ ይነግዱ በነበረበት ዘመን የሰፈር ሱቅ «ዐረብ ቤት» ይባል እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ጎማና ባንኮኒም እንደዚያው። ሆኖም አማርኛ ጣሊያንኛን በዘር አይነካውም። እነዚህ ቃላት ከሰውና ከሸቀጥ ጋር የገቡ ናቸው።

የዚህን ነገር ጉልህ ምሳሌ ለማየት ሩቅ እንሂድ፤ ወደ ፊሊፒንስ። ከሰባት ሺህ በላይ ደሴቶች፣ ከመቶ ሰባ በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት። ስሟን የሰጣት የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ ዳግማዊ ነው። ስፔኖች እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1898 ገዟት፤ ከነሱ በኋላ አሜሪካኖች መጡ፤ ነጻነቷን ያገኘችው በ1946 ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ አገዛዝ አሻራውን በቋንቋው ላይ ትቷል። የማኒላ ሰዎች የሚናገሩት ታጋሎግ ጠረጴዛን «ሜሳ»፣ መስኮትን «ቢንታና»፣ ጫማን «ሳፓቶስ» ይላል፤ ሁሉም የስፔን ቃላት ናቸው። የሳምንቱ ቀናት ስሞችም ከሰኞ ጀምሮ የስፔን ናቸው። ይበልጥ የሚገርመው ቁጥር ነው። የታጋሎግ ተናጋሪ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። ልጆቹን፣ ፍየሎቹን፣ ማንጎዎቹን ሲቆጥር «ኢሳ፣ ዳላዋ፣ ታትሎ፣ አፓት፣ ሊማ» ይላል። ሰዓት ሲናገርና ብዙ ጊዜም ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠራ ወደ ስፔኑ ቁጥር ይዞራል።

የገበያውን ብቻ የሰማ መንገደኛ «ይህ የስፔን ልጅ ነው» ብሎ ይሄዳል። ከስፔን የተገኘው ግን የገንዘቡና የሰዓቱ ቁጥር ብቻ ነው፤ የቤቱ ቁጥር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ያን መሣሪያ ማኒላ ሳንሄድ እዚሁ ድልድዩ አጠገብ እናገኘዋለን።

ጫኝና አውራጅ

ከኤፍ ኤስ አር መኪናው ላይ ኬሻ የሚያወርዱትን ወጣቶች «ጫኝና አውራጅ» እንላቸዋለን። ቃላቱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ግሱ ጫነ ነው፤ «ነ» ነበረ፣ ሠራተኛው ሲሰየም «ኝ» ሆነ። ግሱ አወረደ ነው፤ «ደ» ነበረ፣ «ጅ» ሆነ። አሁን ወደ ሚዛኑ ዙሩ። መዘነ፣ መዛኝ። ወደ ሒሳቡ ዙሩ። ከፈለ፣ ከፋይ። ገዛ፣ ገዢ። ሸጠ፣ ሻጭ። ከፈተ፣ ከፋች። ሱቁ ፊት ቆሞ ቦርሳ የሚጠብቀውን ግን ጠባቂ እንጂ ሌላ ነገር አንለውም፤ ሰባሪ፣ ጠራጊ፣ ጸሐፊም ፊደላቸውን አይለውጡም።

ማንም አስተምሮን አያውቅም፤ ሁላችንም ግን አንሳሳትም። ምክንያቱ የምዕራፍ 6 ላንቃ ነው። በጥንቱ አነጋገር እነዚህ ስሞች ሁሉ በ«ኢ» ያልቁ ነበር። «ኢ» ስንል ምላሳችን ወደ ላንቃ ይነሣል። ከሱ በፊት ያለው ድምፅ በምላስ ጫፍ የሚሠራ ከሆነ (ደ፣ ተ፣ ጠ፣ ነ፣ ዘ፣ ሰ፣ ለ) ወደ ላንቃ ተስቦ ይለወጣል፤ ጅ፣ ች፣ ጭ፣ ኝ፣ ዥ፣ ሽ፣ ይ ይሆናል። በከንፈር ወይም በጉሮሮ በኩል የሚሠራው ሳይለወጥ ይቀራል። «ረ»ም በምላስ ጫፍ ቢሠራም ከዚህ አምልጧል።

ማስረጃው ትግርኛ ተናጋሪው ነጋዴ አፍ ውስጥ አለ። እሱ ከፋዩን «ከፋሊ»፣ መዛኙን «መዛኒ»፣ ሻጩን «ሸያጢ» ይለዋል። ጫኙ በሱ አነጋገር «ጸዓኒ» ነው። ግእዝም ከትግርኛው ጋር ይስማማል፦ ከፋሊ፣ መዛኒ። ትግርኛ የያዘው «ሊ» አማርኛ ውስጥ «ይ» ነው፤ የያዘው «ኒ» አማርኛ ውስጥ «ኝ» ነው። ደግሞም በአንድ ቃል ብቻ አይደለም። እጃችንን ተመልከቱ፤ በግእዝ «እድ»፣ በትግርኛ «ኢድ»፣ በአማርኛ «እጅ»። በግእዝ «ወላዲ» የነበረው «ወላጅ» ነው፤ «ፈራዲ» የነበረው «ፈራጅ» ነው።

ይህ ነው ሥርዓት ያለው ልዩነት። የተዋሰ ሰው ዕቃውን እንዳገኘው ይወስደዋል፤ ድምፅን እየመረጠ በሺህ ቃላት ውስጥ አንድ ዓይነት ለውጥ አያደርግም። እንዲህ ያለ ተከታታይ ልዩነት የሚገኘው ሁለት ልጆች ከአንድ እናት ወጥተው፣ አንዱ አካባቢ አንድ ለውጥ ሲያልፍ ሌላው ሳያልፈው ሲቀር ነው። «ነጋዴስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ነገደ ብሎ ነጋጅ ለምን አላለም? ጥያቄው ትክክል ነው። «ነጋዴ» የሚያልቀው በ«ኤ» ነው፤ ከሻጭና ከገዢ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ለቋንቋ አጥኚ እንዲህ ያለ ከመሥመር የወጣ ቃል ሥራ ይሰጠዋል እንጂ አያስደነግጠውም፤ እያንዳንዱን አንድ በአንድ ማስረዳት ግዴታው ነው።

የአራት ወጥመድ

አሁን ወደ ማኒላው ቁጥር እንመለስ። «አፓት» አራት ነው። አራት፣ አፓት። ልብ ያዘልላል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ወዲያው የጥንት መርከብ፣ የጠፋ ነገድ ማሰብ ይጀምራል። ዘዴው ግን ያረጋጋናል። አንደኛ፣ አማርኛው አራት ከመሃሉ ድምፅ የወደቀበት ቃል ነው። ግእዙ አርባዕቱ፣ ትግርኛው ኣርባዕተ ነው፤ አማርኛ ራሱ «አርባ» ሲል የወደቀችውን «ባ» ያወጣታል። ሁለተኛ፣ የኛ «ር» ከነሱ «ፕ» ጋር የሚሄድ ቢሆን በሌላም ቁጥር ይታይ ነበር፤ አይታይም። ታጋሎግ ሰባትን «ፒቶ» ይላል፤ ከሰባት ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም። አራትና አፓት እንዲሁ በአጋጣሚ ተመሳስለዋል።

የታጋሎግን ዘመድ ለማግኘት ከኛ ይልቅ ወደ ማዳጋስካር ተሻገሩ። የማላጋሲ ሰዎች ሰባትን «ፊቱ» ይላሉ፤ ታጋሎግ «ፒቶ»። አራትን «ኤፋትራ»፤ ታጋሎግ «አፓት»። የታጋሎግ «ፕ» በማላጋሲ «ፍ» ነው። ስምንት «ቫሉ»፤ ታጋሎግ «ዋሎ»። አምስት «ዲሚ»፤ ታጋሎግ «ሊማ»። ከ«ኢ» በፊት የመጣች «ል» ማላጋሲ ውስጥ «ድ» ትሆናለች፤ ይህም በሌሎች ቃላት ይደገማል። የኛው ላንቃ ጫኝና አውራጅ ላይ እንደሠራው ሁሉ፣ እዚያም «ኢ» አጠገቧ ያለውን ድምፅ አልተወችውም።

ኖርዌያዊው ኦቶ ክርስቲያን ዳል እ.ኤ.አ. በ1951 ማላጋሲን በቦርኔዮ ደሴት ከሚነገር ማአንያን ከተባለ ቋንቋ ጋር አነጻጽሮ የቅርብ ዝምድናቸውን አሳየ። ከአፍሪካ ጠረፍ ማዶ ያለች ደሴት ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ የመጣው ከሕንድ ውቅያኖስ ሌላኛው ዳር ነው ማለት ነው። ይህን የነገሩን ቁጥሮቹ ናቸው። የታጋሎግና የማላጋሲ ቤተሰብ ኦስትሮኔዥያ ይባላል፤ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ በላይ ቋንቋዎች አሉት፣ መነሻውንም አብዛኞቹ ሊቃውንት ታይዋን ላይ ያደርጉታል። እንግዲህ የማኒላው ባለ ሱቅ የቤቱን ቁጥር ያገኘው ከዚያ ነው፤ ስፔን ከመምጣቷ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት።

ስለ ፊሊፒንስ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልፈልግም። ስፔኖች ሲመጡ ታጋሎጎች ባይባይን የሚባል የራሳቸው ጽሕፈት ነበራቸው። እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ ላይ ይይዛል፤ አናባቢው ሲለወጥ ነጥብ ከላይ ወይም ከታች ይጨመራል። በምዕራፍ 3 ስለ ቀዳማይና ካዕብ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ከማንኛውም አውሮፓዊ ቀድሞ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1593 በማኒላ የታተመው የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ ታጋሎጉን በላቲንም በባይባይንም አትሞታል።

ዘጠኝ ምን ይመሰክራል

ዝምድና መኖሩ ከታወቀ በኋላ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ መቀራረቡ ነው። የአንድ አያት የልጅ ልጆች ሁሉ እኩል አይቀራረቡም። ሊቃውንት ይህን የሚለዩት ከጥንቱ አብሮ በቀረው ሳይሆን አብረው በፈጠሩት አዲስ ነገር ነው። አሮጌው ነገር ለሁሉም ሊቀር ይችላል። አዲሱን የሚጋሩት ግን አብረው የኖሩት ናቸው።

ሁለትን እንውሰድ። ግእዙ ክልኤቱ፣ ትግርኛው ክልተ፣ ሐረሪው ኮኦት፣ ቸሃው ኹዌት፣ አማርኛው ሁለት። መልካቸው ቢራራቅም ሁሉም የአንድ ጥንታዊ ቃል ልጆች ናቸው፤ የጥንቱ «ክ» አማርኛ ውስጥ ወደ «ህ» ለሰለሰ። ይህ ቁጥር የጋራ አያት መኖሩን ይነግረናል እንጂ ማን ለማን እንደሚቀርብ አይነግረንም።

ዘጠኝ ግን ይናገራል። ግእዝ ተስዓቱ ይላል፣ ትግርኛ ትሽዓተ፤ ዐረብኛም ቲስዓ ብሎ ይስማማል። አሮጌው ቃል ያ ነው። አማርኛ ዘጠኝ ይላል። ሐረሪ ዜሕጠኝ፣ ቸሃ ዠጠ፣ አርጎብኛም ወደ ዘጠኝ የቀረበ። በደቡቡ ክንፍ አሮጌው ቃል ወጥቶ አዲስ ገብቷል፤ ሰሜኑ ክንፍ ጥንቱን ይዞ ቀርቷል። አንድ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የግስ አረባብና ተውላጠ ስም አብረው ሲመሰክሩ ግን የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች ይከፈላሉ።

ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው የምደባ ጥናት የደቡቡን ቅርንጫፍ እንደገና ከፋፈለ፤ ውጤቱም ድልድዩ ላይ የምንሰማውን እንደ አዲስ እንድናይ ያደርጋል። ኬሻ የተሸከመው ጎረምሳ የተናገረው ስልጥኛ የቅርብ ወንድሙ በስተምሥራቅ ርቆ የሚነገረው ሐረሪ ነው። ነጋዴው በስልክ የተናገረው ቸሃ ከስልጥኛ ጋር በአገርና በገበያ ለዘመናት ጎን ለጎን ቢኖርም ከሌላ ቅርንጫፍ ነው። የስልጤ ሕዝብ የማንነት ጥያቄ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ መልስ ያገኘ ጉዳይ ነው፤ የሕዝብ ማንነት የሚወሰነው በሕዝቡ ፈቃድ እንጂ በቋንቋ ሊቃውንት ሰንጠረዥ አይደለም። የሄትስሮን ሥራ የሚመልሰው ከዚህ የጠበበ ጥያቄ ነው፤ የድምፅና የግስ ለውጥ በየት በኩል አለፈ የሚለውን።

በኦሮምኛና በሶማልኛ መካከልም ይኸው ዘዴ ይሠራል። ከሁለት እስከ አምስት ሲቆጠር ኦሮምኛ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፤ ሶማልኛ ለበ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን። እነዚህ የኩሽ ቤተሰብ ናቸው።

ጎረቤት እስከ ምን ድረስ ይሰጣል?

እስካሁን ውሰቱን በቃል ላይ ብቻ አየን። ጎረቤት ግን ከምጣድና ከወንፊት በላይ ይሰጣል፤ የቤት አያያዝም ያስተምራል። ግእዝ «ሖረ ንጉሥ ውስተ ሀገር» ይላል፤ ግሱ ከፊት ነው። አማርኛ «ንጉሡ ወደ አገር ሄደ» ይላል፤ ግሱ ከኋላ። ኦሮምኛም ግሱን ከኋላ ያስቀምጣል፤ አገውኛም እንዲሁ። አማርኛ የዘሩን ሥር ከሴም ቤት ይዞ የዐረፍተ ነገሩን አሰላለፍ ከኩሽ ጎረቤቶቹ ጋር አስተካክሏል። ብዙዎቹ ተናጋሪዎቹ ቀድሞ ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ልጆች ስለነበሩ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያን አንድ «የቋንቋ አካባቢ» ብሎ የሰየመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዘር የተለያዩ ቋንቋዎች አብረው በመኖር የሚመሳሰሉበት አገር ማለቱ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሴማዊውና ኩሻዊው ራሳቸው ከኦሞአዊው፣ ከጥንቱ ግብፅኛ፣ ከበርበርና ከቻድ ቋንቋዎች ጋር አፍሮኤስያዊ በሚባለው ታላቅ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ። አማርኛና ኦሮምኛ እንግዲህ ሁለቱንም ናቸው፤ ሩቅ ዘመዶችም፣ የግቢ ጎረቤቶችም። ይህ ነገር ለአገራችን የሚያኮራ እንደሆነ አምናለሁ፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍትም ከዚህ በተሻለ ስፋት ሊነገር ይገባዋል።

ምስክሩ ሲጠፋ

ዘዴው ሁሉ የቆመው በሚናገር አፍ ላይ ነው። ከዓባይ በስተደቡብ፣ በኋላም በጎጃም የኖረው ጋፋት የራሱ ቋንቋ ነበረው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል። ቮልፍ ሌስላው በ1939 ዓ.ም. ገደማ ቋንቋውን ፈልጎ ሲሄድ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር። እነሱን ቁጭ አድርጎ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ መጽሐፍ አወጣ። ይኸው ሰው በኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. የጉራጌ ቋንቋዎችን ሥርወ ቃል በሦስት ቅጽ አሳትሟል፤ በ2006 በ100 ዓመቱ አካባቢ እስኪያርፍ ድረስም ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች አልተለየም። ጋፋትኛ ከሰሜኑ ጉራጌ፣ ከክስታኔ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ዛሬ የምናውቀው በነዚያ አራት ሰዎች ምክንያት ነው። ሌስላው ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢሄድ ኖሮ በእጃችን የሚቀረው የብሩስ ትርጉም ብቻ ይሆን ነበር። ከትርጉም ደግሞ ድምፁ በአፍ እንዴት እንደነበረ በሙሉ አይገኝም፤ የፊደሉ ጸሐፊ በሰማው ልክ ነው የጻፈው።

አርጎብኛ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ዕድል አለው። ብዙ የአርጎባ ሰዎች ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ቢያዘነብሉም በወሎ ተራራ ላይ ባለችው ሾንኬና በአጎራባቿ ጦለሃ ልጆች አሁንም ይናገሩታል። አማርኛ የጣላቸውን ጥንታዊ የጉሮሮ ድምፆች አርጎብኛ በከፊል ይዟቸዋል፤ ስለዚህ የአማርኛን የልጅነት መልክ ለመገመት ከግእዝ ቀጥሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ከድልድዩ ተነሥተን ወደዚያ ተራራ እንወጣለን፤ ሾንኬዎች ሲቆጥሩ፣ ሲማማሉና ሲገበያዩ የሚያወጧቸውን ድምፆች አንድ በአንድ እንመለከታለን።